ጋሽ ለየብቻ

ዘይነብ የደወለችልኝ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ውጫሌ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ነው። ዘይነብ ሐይቁ ዳር የዓሣ ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት፤ ስልክ ስታወራ ገበያ መሀል የቆመች ይመስል ትጮኻለች። ያን ቀን ግን ቀስ ብላ ነበር የምታወራው።

«ጋሼ ወደ አኼራ ሄዱ» አለችኝ።

«መቼ?»

«ሱብሂ ሰግደው ጋደም እንዳሉ ነው አሉ። ይኸው አሁን ከቀብር እየተመለስን ነው። አብሽር ወንድሜ።»

ቀብሩ አመለጠኝ ማለት ነው። ከውጫሌ ሐይቅ ከተማ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም፤ ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር እደርስ ነበር። ግን ማን ይነግረኛል? ለማን ለማን ይደወል ተብሎ ሲታሰብ የኔ ስም ለማንም ትዝ አላለውም። ትዝ ቢለውም «እነሱ እኮ ተኳርፈዋል» ተብሎ ይታለፋል። አልተኳረፍንም። ከኩርፊያ የባሰ ነገር ነበር ያደረግኩት፤ ጋሽ ይመርን ምሳ ጋበዝኳቸው።

ይሄ ለሌላ ሰው ሲነገር ቀልድ ይመስላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልነሳ።

ጋሽ ይመር ሐይቅ ከተማ ጸጉራቸው እስኪነጣ ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። የአምባሰል ገጠር ልጅ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት የማይለያቸው። እኔ አማርኛ ላስተምር ተመድቤ እዚያ ትምህርት ቤት ስደርስ ገና ጢሜ ያልጠና ልጅ ነበርኩ፤ እሳቸው ያኔም ጋሼ ነበሩ። ተማሪ «ገባኝ» ሲላቸው «ገባኝ አትበለኝ፣ አስገባኝ!» ይሉና ጠመኔውን ለልጁ ይሰጡታል። የትም ይሁን የት፣ አንድ ነገር ከመጀመራቸው በፊት አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ፈተግ ፈተግ ያደርጋሉ፤ የጠመኔ ብናኝ የሚያራግፉ ነው የሚመስለው። ምግብ ሲቀርብም እንደዚያው ነው። ታጥበው መጥተው እንኳ ያን ጠመኔ ሳያራግፉ እጃቸውን ወደ ትሪው አይሰዱም።

የሒሳብ መምህር መሆናቸው ለነገረኛ ባልደረቦቻችን ጥሩ ቀለብ ነበር። «ጋሽ ይመር ሒሳብ ማስተማር እንጂ ሒሳብ መክፈል አይሆንላቸውም» ይባል ነበር። ውሸት ነው። የሳቸውን ያህል ሒሳቡን በትክክል የሚከፍል ሰው አላየሁም። ጣጣውም እሱ ነበር፤ የሚከፍሉት የበሉትን ብቻ ነው።

እኛ አገር ሒሳብ መክፈል ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። አምስት ሰው በልቶ ሲጨርስ አምስቱም እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። «በሞቴ!» «ኧረ አፈር ስሆን!» «የሱን ከተቀበልሽ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልመጣም!» እየተባለ አስተናጋጇ መሀል ላይ ትጨነቃለች። ግማሹ እጅ ከኪስ የሚወጣው የሌላው እጅ መቅደሙን ካረጋገጠ በኋላ ነው። ልክ በዚያች ደቂቃ ስልክ የሚደወልለት አለ። የጫማውን ክር እያሰረ የሚከርም አለ። ከሁሉም የሠለጠነው ግን «እጄን ልታጠብ» ብሎ ይነሳና ባንኮኒው ላይ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ተመልሶ ይቀመጣል። በኋላ ሒሳብ ሲጠራ አስተናጋጇ «ተከፍሏል» ትላለች፤ እሱ አንገቱን ደፋ ያደርጋል፤ ሌላው እየተራገመ ያመሰግነዋል። እኔ ራሴ በዚህ በ«እጄን ልታጠብ» ስም ያተረፍኩ ነበርኩ። አባቴ እንዲህ ሲያደርግ እያየሁ ነው ያደግኩት።

ጋሽ ይመር ይሄን ጨዋታ አይጫወቱም። አስተናጋጇ መጥታ «አንድ ላይ ነው ለየብቻ?» ትላለች። ለወጉ ያህል ነው የምትለው፤ «ለየብቻ» የሚል ሰው ይኖራል ብላ አይደለም። እሳቸው ግን በክፍል ድምፃቸው «መብሉ አንድ ላይ፣ ሒሳቡ ለየብቻ!» ይላሉ። ከዚያ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ዝርዝር ብር አውጥተው የራሳቸውን ድርሻ ብርጭቆ ሥር ያስቀምጣሉ። መልስ ጠፋ ተብሎ ሰው እንዳይከፍልላቸው፣ ድፍን ብር ይዘው ምግብ ቤት አይገቡም ነበር።

ቅጽል ስም የወጣላቸው ከሪም የመጣ ጊዜ ነው። ከሪም የሁላችንም ተማሪ የነበረ ልጅ ነው። ሳዑዲ ስድስት ዓመት ሠርቶ ተመለሰና «አስተማሪዎቼን ካላበላሁ» ብሎ አንድ ቅዳሜ ሁላችንንም ዘይነብ ጋ ጠራን። ከትምህርት ቤቱ ወደ ሐይቁ የወረደው የባጃጅ ሰልፍ የሠርግ አጀብ ነበር የሚመስለው። ዓሣ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ሠርጉም ለቅሶውም አንድ ላይ ነው፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን የየራሱ አራጅ አለው። ዓሣ አራጅ የለውም። ከውሃ ይወጣል፣ ይጠበሳል፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል።

ያን ቀን የቀረበውን ምግብ አሁንም ሳስበው ያስደነግጠኛል። ጥብሱ በትሪ በትሪ፣ የዓሣ ጉላሽ፣ የዓሣ ዱለት፣ ሾርባ። ለስላሳው ከነሳጥኑ መጥቶ ጠረጴዛው ሥር ተደረደረ። ከሪም አንዱ ትሪ ሳይነካ ሌላ ያዛል። አጠገባችን የማናውቃቸው ሰዎች ይበሉ ነበር፤ «የነሱንም በኔ አድርጊው» አላት ዘይነብን። በር ላይ የቆሙትን የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀር አስጠርቶ አስቀመጠ። ግማሹ ምግብ እንደተከመረ ቀረ። እኛም መምህራን ነንና ከሆዳችን ጋር አልተማከርንም፤ እስኪያመን በላን። ልጁ ደስ ብሎት ነበር። ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ የእውነት ነበር።

ሒሳብ ሲጠራ ሁላችንም ለወጉ እጃችንን ወደ ኪሳችን ሰደድን። የጋሽ ይመር ግን ለወጉ አልነበረም። ዝርዝራቸውን አውጥተው፣ የበሉትን በልባቸው ደምረው፣ ብርጭቆ ሥር አስቀመጡ።

«ጋሼ፣ ምንድነው እሱ?» አለ ከሪም እየሳቀ።

«የበላሁት ነው ልጄ።»

«ወላሂ አይሆንም! እኔን ነው ጋሼ? ያስተማሩትን ልጅ?»

«በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ፣ አላህ ያስፋልህ። ይሄ ስድብ አይደለም። ነገ ኪስህ ባዶ ሁኖ ብትመጣም ከኔ ጋ ለመቀመጥ እንዳታፍር ነው።»

ገንዘቡ ገና ትኩስ ለሆነ ሰው «ኪስህ ባዶ ሁኖ» አይባልም። የከሪም ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ርዕሰ መምህሩ ብሩን አንስተው የጋሽ ይመር ኮት ኪስ ውስጥ ሊከቱ ታገሉ፤ ጋሽ ይመር የርዕሰ መምህሩን እጅ ገፉ፤ ብርጭቆው ተገለበጠ። ከኋላዬ «ሟርተኛ» ያለ ሰው ነበር። የኔ እጅ ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ነው። እውነቴን ነው፣ የራሴን ድርሻ ከሳቸው ብር ጎን ላስቀምጥ አስቤ ጨብጬው ነበር። ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም ስሰማ ለቀቅኩትና ባዶ እጄን አወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው «ጋሽ ለየብቻ» ሆነ። የስሙ ክፋት እየዋለ እያደረ እውነት መሆኑ ነው። ማንም ተሰብስቦ «ጋሽ ይመርን አትጥሯቸው» አላለም፤ እንዲሁ ሳይጠሩ ቀሩ። መምህራኑ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ «እሳቸው ፈተና እያረሙ ነው» ይባላል። ደመወዝ ሲወጣ «እሳቸው እንኳ አይመጡም» ይባላል። እኔም ሲባል እሰማ ነበር፤ አብሬ ሄድኩ፤ አብሬ በላሁ፤ «እጄን ልታጠብ» እያልኩ ከፈልኩ፣ ተመሰገንኩ።

ከሪም አንድ ዓመት ሳይሞላው ገንዘቡ አለቀ። ሻይ መጋበዝ ያቃተው ሰው ሆኖ መታየቱን አልቻለውም መሰለኝ፣ አንዳችንን ሲያይ መንገድ መቀየር ጀመረ። ጋሽ ይመር ሁለት ጊዜ ቤቱ ድረስ ሄደው «ዓሣ እንብላ» ብለውታል ይባላል። አልወጣም። ሳይሰናበተን ተመልሶ ባሕር ተሻገረ።

እሳቸው ቅዳሜያቸውን አልተዉም። ዙሁር ሰግደው በባጃጅ ወደ ሐይቁ ይወርዱና ዘይነብ ጋ፣ አራት ወንበር ባለው ጠረጴዛ አንዱ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም፤ ቤት ያለችው የእህታቸው ልጅ ፋጡማ ናት። ዓሣው ቀርቦ ሳለ የሚያውቁት ሰው በበሩ ከገባ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «እንብላ!» ይላሉ። እንብላ እንደምታውቁት ሰላምታ ነው። «ብሉ፣ ይባረክ» ይባልና ይታለፋል። ሰው ሁሉ ይሄንኑ ብሎ ያልፋቸዋል። ችግሩ ጋሽ ይመር የሚናገሩትን ነገር የምራቸውን የሚናገሩ ሰው መሆናቸው ነበር።

«ዛሬ ስንቴ ብሉ ተባልኩ መሰለህ» አሉኝ በኋላ፣ ከተቀራረብን ወዲህ አንድ ቀን። «የሚበላ ሰው ነው የጠፋው።» እንደ ቀልድ ነበር ያሉት። እኔም እንደ ቀልድ ሳቅኩ።

ከሳቸው ጋር የተቀመጥኩት ማስተማር ትቼ ውጫሌ፣ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከተዛወርኩ በኋላ ነው። ቤተሰቤ ደሴ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ በሐይቅ በኩል እወርዳለሁ። አንድ የሐምሌ ቅዳሜ ዝናቡ ሲብስ ከሚኒባሱ ወርጄ ዘይነብ ጋ ገባሁ። «እንብላ!» አሉ ጋሽ ይመር ብድግ ብለው። «ብሉ ጋሼ፣ ይባረክ» አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አላልኩም። ወደ ሌላ ጠረጴዛ እያለፍኩ ሳለ ፊታቸው ያሉትን ሦስት ባዶ ወንበሮች አየሁ። ዓሣው ገና አልተነካም። እሳቸው ቀስ ብለው ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ፣ ቁመታቸው ሲታጠፍ፣ አፈርኩ። ዞሬ መጣሁና ተቀመጥኩ።

ጣታቸውን ፈተግ ፈተግ አድርገው፣ ከዓሣው ጀርባ እሾህ የሌለበትን ሥጋ ለይተው ወደኔ በኩል ገፋ አደረጉልኝ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያህል ቅዳሜ የሁለታችን ሆነ። ብዙ አናወራም ነበር። ስለ ድሮ ተማሪዎች፣ ስለ ዝናቡ፣ ሐይቁ በዚህ ዓመት ሸሸ ወይስ መጣ። ሥጋውን ከእሾህ መለየት ይወዳሉ፤ ጥሩ ጥሩውን ወደኔ እየገፉ እሳቸው ጭንቅላቱን ይዘው ይቀራሉ። ዘይነብ እያወቀች «አንድ ላይ ነው ለየብቻ?» ትላለች፤ እሳቸውም እያወቁ ያቺኑ መልስ ይመልሳሉ። ሁለት ድርሻ ብርጭቆ ሥር እናስቀምጥና እንነሳለን።

ስስታም እንዳልነበሩ እኔ ምስክር ነኝ። ልጄ የተወለደ ጊዜ የገንፎ እህል በማዳበሪያ አሸክመው ደሴ ድረስ መጡ። ለባለቤቴ የመረቁላት ምርቃት እስከ ዛሬ ይነሳል። ሊሄዱ ሲሉ «ጋሼ፣ ምሳ ሳንበላማ አይሆንም፣ ውጭ እንብላ» አልኳቸው። በሩ ላይ ቆመው ትንሽ አሰቡና «ለየብቻ ከሆነ» አሉ። ባለቤቴ አራስ መሆኗን ረስታ ስትስቅ አስታውሳለሁ።

ለምን እንደዚህ እንደሆኑ የነገሩኝ ሳልጠይቃቸው ነው። ገና መምህር እንደሆኑ አምባሰል ገጠር ውስጥ ሽመልስ ከሚባል ጓደኛቸው ጋር አንድ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ደመወዝ ሲወጣ ከሌሎች መምህራን ጋር ወደ ውጫሌ ይወርዳሉ፤ በተራ በተራ ይገባበዛሉ። በዚህ መሀል የሽመልስ አባት ሞቱና ታናናሾቹ ሁሉ እሱ ላይ ወደቁ።

«እኔ ደግ ነኝ ብዬ አስብ ነበር» አሉኝ ጋሽ ይመር። «የሱ ተራ ሲደርስ ቶሎ ብዬ እከፍልለታለሁ። 'ተወው፣ እኔ አለሁ' እለዋለሁ፣ ሰው ፊት። መጀመሪያ 'ዛሬ ሻይ ይበቃኛል' ማለት አመጣ። ከዚያ ጨጓራዬን አለ። ከዚያ ጭራሽ አልወርድም አለ። እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ ተሸሽጌ እየከፈልኩ 'ተከፍሏል' አስብለዋለሁ። ሰኔ ላይ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። የት እንደሚሄድ እንኳ አልነገረኝም፣ አንድ ጣራ ሥር እያደርን።»

«ከዚያ ወዲህ አላገኙትም?»

«አንዴ ደሴ መናኸሪያ አገኘሁት። 'ምን በደልኩህ ሽመልስ?' ስለው፣ 'ምንም። ደግ ነው የሠራህልኝ። ግን አንተን ባየሁ ቁጥር የበላሁት ነበር የሚታየኝ' አለኝ።»

ቀጠሉ። «የቸገረውን ሰው ቤቱ ሂደህ እርዳው። ማዕድ ላይ ግን እኩል ሁነህ ተቀመጥ። እኔ ይሄ ሲገባኝ ሰውየው ሂዷል።»

ከነዚያ ቅዳሜዎች ሁሉ አንዱን ከሌሎቹ አስበልጬ እወደዋለሁ። ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ በገቡበት ዓመት ነው። እሳቸው ጾመኛ፣ እኔ ደግሞ ሽሮ መብላት እችል ነበር፣ ግን እሳቸው እያዩኝ አልበላ አለኝ። የዘይነብ ቤት በር ላይ ሐይቁን እያየን ቁጭ ብለን ዋልን። ዘይነብ ወጣችና ወገቧን ይዛ ቆመች። «ዛሬስ ሒሳቡ አንድ ላይ ነው ለየብቻ?» አለች። ጋሽ ይመር እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እፎይ፣ ዛሬ ገና ያለ ሒሳብ ተቀመጥን» አሉኝ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ኑሮ እየተወደደ መጣ። እሳቸው አላወሩም፤ ኮቱ ነው ያወራው፣ በላያቸው ላይ እየሰፋ ሄደ። አንድ ቅዳሜ «ዛሬ ሾርባ ይበቃኛል» አሉ። እኔ ዓሣ በላሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሾርባ ሆነ። በሦስተኛው «ጨጓራዬን ትንሽ» አሉ። እነዚህን ቃላት ማን ብሏቸው እንደነበር የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ሰማሁ፣ ገባኝም። ክፍላቸው ውስጥ ብሆን ኖሮ ጠመኔውን ሰጥተው «አስገባኝ» ይሉኝ ነበር፤ ያኔ አለመግባቱ ይታወቅብኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን የደረጃ ዕድገት አግኝቼ ነበር። ደስ ብሎኛል፣ ኪሴም ሞቅ ብሏል። ቅዳሜ ቀድሜያቸው ደረስኩና ዘይነብ ያላትን ትልቁን ዓሣ አዘዝኩ። ጉላሽ ጨመርኩ፣ ዱለት ጨመርኩ። ጋሽ ይመር መጥተው ጠረጴዛውን ሲያዩ ቆም አሉ።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ?»

«ዛሬ ርቦኛል ጋሼ።»

ተቀመጡ። ጥቂት ነበር የበሉት። ሥጋውን ግን እንደ ወትሮው ለይተው ለይተው ወደኔ ገፉት። ስንጨርስ «እጄን ልታጠብ» ብዬ ተነሳሁ።

እያወቅኩ ነው ያደረግኩት። የሽመልስን ነገር አንድም ሳላጎድል አውቃለሁ። ግን አዘንኩላቸው፤ ማዘኔ ደግሞ ፍቅር መሰለኝ። ለዛሬ ብቻ ነው አልኩ። ደግሞም ያደግኩበት ነገር ነው፤ እግሬ ራሱ ባንኮኒው ጋ ወሰደኝ። «ጋሼ ይቀየማሉ እኮ» አለችኝ ዘይነብ ዝቅ ብላ። «አብሽሪ፣ አይቀየሙም» አልኳትና ከፈልኩ።

ስመለስ ዝርዝራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጭናቸው ላይ ይለያሉ። ከወትሮው ቆዩ። ያን ያህል ምግብ ቀርቦ ስለነበር ድርሻቸው ስንት እንደሚደርስ ሳያስጨንቃቸው አልቀረም፤ ይሄንንም ያሰብኩት በኋላ ነው። ዘይነብ መጣች። ቀና ብለው «መብሉ አንድ ላይ» ብለው ጀመሩ።

«ተከፍሏል ጋሼ» አለች።

አልተቆጡም። ብሩን አጣጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱ። ከዚያ እጄን አዩና «ታጠቡ?» አሉኝ።

ከኋላዬ ለቆመ ሌላ ሰው የተናገሩ መስሎኝ ነበር። ለኔ ነው። ተነሱ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ ጎንበስ አሉ። «አላህ ይስጥልኝ። ጋበዙኝ» አሉ።

ካወቁኝ ቀን ጀምሮ አንተ ነበርኩ። ውጫሌ ቢሮ ገብቼ ሰው ሁሉ አንቱ ሲለኝ እንኳ እሳቸው ጋ አንተ ነበርኩ። አንቱ ክብር ነው፤ ለሹም፣ ለእንግዳ፣ ውለታ ለዋለ ሰው ይባላል። ያን ቀን ጋሽ ይመር አከበሩኝ፤ እንደዚያ ቀን የተዋረድኩበት ቀን የለም። ወደ ባጃጁ ሲሄዱ ተከትዬ «ጋሼ፣ ጋሼ» አልኩ። «ይመለሱ፣ ጸሐዩ ከባድ ነው» አሉኝ ሳይዞሩ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። ከዚያ የሚቀጥለውም። ቤታቸው ሄድኩ፤ ፋጡማ በር ከፈተችልኝ። ሻይ አስመጡልኝ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ፣ በአንቱ።

«ምነው ጋሼ ቀሩ?»

«ጨጓራዬን እያመመኝ ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን አጠፉ? ደግ ነው የሠሩልኝ» አሉኝ። ሽመልስ መናኸሪያ ላይ ያላቸውን ነበር የመለሱልኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

እኔ ቅዳሜን መተው አቃተኝ። ያው ጠረጴዛ ላይ፣ በሩን ትይዩ እቀመጣለሁ። ዓሣ ማዘዝ አስጠላኝ፤ ያን ያህል ነገር ለብቻ ፊቴ ተዘርግቶ ማየት አልቻልኩም። ሾርባ አዛለሁ። ዘይነብ ሳህኑን አስቀምጣ ትሄዳለች። የሚያውቁኝ ሰዎች ሲገቡ ብድግ ብዬ «እንብላ» እላለሁ። «ብላ፣ ይባረክ» ይሉኛል። እንዲህ ሆኜ ክረምቱም በጋውም አለፈ።

ማክሰኞ፣ ዘይነብ በደወለችልኝ ዕለት፣ ለቅሶ ቤት ስደርስ ጓሮው በሰው ተሞልቷል። የድሮ ባልደረቦቼ ሁሉ አሉ። ርዕሰ መምህር የነበሩት ሰውዬ «እንደሳቸው ያለ ቀጥ ያለ ሰው አላየሁም» ይላሉ። አንዱ የከሪምን ግብዣ አነሳ፣ ሳቁ፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሱ። እኔ ግን ይህን ሁሉ ሰው ሳይ በአንድ ቅዳሜ አንዱ እንኳ ተቀምጦላቸው ቢሆን ኖሮ እያልኩ ተናደድኩ፤ ከሁሉም ይልቅ በራሴ። ተነስቼ ስወጣ ዘይነብ ልትሸኘኝ እስከ አስፋልቱ መጣች።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቀየመኝ» አለችኝ። «ጋሼ እኔ ጋ መምጣት አልተዉም ነበር።»

«እንዴት?»

«ሐሙስ ሐሙስ ይመጡ ነበር። ቅዳሜዋን ወደ ሐሙስ አዙረዋት ነው። 'እንዳትነግሪያቸው' ብለው አስማሉኝ፣ ምን ላድርግ።»

ከኔ መሸሻቸው ነው። ሽመልስ ከሳቸው እንደሸሸው። ቢሆንም ጠየቅኳት። «ስለኔ ያነሱ ነበር?»

«ሁሌም። 'ቅዳሜ መጡ?' ይሉኛል። 'መጣ ጋሼ፣ ብቻውን ቁጭ ብሎ ዋለ' እላቸዋለሁ። ዝርዝራቸውን አስቀምጠው ይነሳሉ። ባለፈው ሐሙስ ግን ምን እንደበላህ ጠየቁኝ። 'ሾርባ ነው ጋሼ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ከሾርባ ሌላ አዞ አያውቅም' አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

ዘይነብ ሻርፗን ሰብሰብ አደረገች። «'ያኔ እሱም ሾርባዋን ቢያዛት ምን ነበረበት?' አሉ።»

«'እሱ' ነው ያሉሽ?» አልኳት። «'እሳቸው' አላሉም?»

«'እሱ' ነው ያሉኝ» አለች፣ ምን እንደምጠይቃት ግራ ገብቷት። «ምነው?»

እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።